ቆላ ወርዶ ወዳጅ መጠየቅ፦ ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚነዱ

ከደሴ ወዲያ ካለችው ከኩታበር አለፍ ብላችሁ አፋፉ ላይ ስትደርሱ የበሽሎ ሸለቆ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ማዶ ያለው ጎጆ ጭሱ ሳይቀር ይታያል። ጮክ ብላችሁ ብትጣሩ የሚሰሟችሁ ይመስላል። እዚያ ለመድረስ ግን መውረድ፣ ወንዝ መሻገርና መልሶ መውጣት አለ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሙሉ ቀን።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቤተሰቦች የሚኖሩት እንዲህ ባለ ቁልቁለት ወገብ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እየነዳሁ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ርቀቱን በኪሎ ሜትር አስልቼ ተነሳሁና ከምሽቱ 3 ሰዓት ደረስን። የጓደኛዬ እናት ኩራዝ ይዘው መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ልጆቹም እኛን ሲጠብቁ እራት አልበሉም። «አብሽሩ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ» አሉን እንጂ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ለዚህ አገር የማወጣው ዕቅድ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል። መንገዱን የምቆጥረው በቀን ብርሃን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ብረት የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ እያወረዱና እያወጡ፣ መንገዱንም በየደረሱበት እያስጠረጉ ነበር የሄዱት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። የምትነዱበት አገር ይህ ነው።

1. ወሩን ምረጡ

ሐምሌንና ነሐሴን ተዉት። ኮረኮንቹ ይጨቀያል፣ ዳገቱ ይናዳል፣ ወንዙ ይሞላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ያገኛል። ታች በረሃው ደረቅ ሆኖ ሳለ ላይ አፋፉ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሸለቆው ሙቀት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው ጥቅምትና ኅዳርን ይመርጣል። አገሩ ያምራል፣ መንገዱም ደርቋል። ግን ሁለት ነገር አስቡ። ወቅቱ የአጨዳ ነው። አስተናጋጆቻችሁ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ይወርዳሉ፤ እናንተ ስትመጡ ግን ሥራቸውን ጥለው ቤት ይቀመጣሉ። በዚያ ወቅት ከሄዳችሁ ማጭድ ለመያዝ ተዘጋጁ። ባትችሉበትም ነዶ መሸከም አያቅታችሁም። ሁለተኛው ወባ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቆላ ክረምቱ ካለቀ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወራት ናቸው።

እኔን ብትጠይቁኝ ጥር ይሻላል። እህሉ ገብቷል፣ ሰዉ አረፍ ብሏል፣ ሠርግም አለ።

2. አስቀድማችሁ ቃል ላኩ

ይህ ከሁሉም በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንገት መድረስ ደስ የሚል ይመስላል። የገጠር ቤት ግን እንግዳ ሲመጣ ያለውን ሁሉ ያወጣል። የሌለውንም ከጎረቤት ይበደራል። ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አሳውቁ።

ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። ስልክ የሚሠራው አፋፍ ላይ ነው። ሰዎቹ ገበያ ሲወጡ ይደውላሉ፣ የተላከላቸውንም ያነባሉ። ስለዚህ የገበያ ቀናቸውን እወቁና በዚያ ቀን ደውሉ። አለዚያ አፋፉ ላይ ሱቅ ባለው ሰው በኩል መልእክት ተዉ።

መልእክቱ አጭርና ግልጽ ይሁን። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ በየትኛው ቀን እንደምትደርሱ፣ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ፣ ጾም ካለባችሁ እሱንም ንገሯቸው። መኪናው እስከየት እንደሚገባም ጠይቁ። «እዚህ ድረስ ይመጣል» ቢሏችሁ ምን ዓይነት መኪና እንደሚገባ ደግማችሁ ጠይቁ። አይሱዙ የሚወጣበት ሁሉ ቪትዝ አይወጣም።

ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅም የዚህ ሥራ አካል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታና በዚያው ጠዋት ጠይቁ። የሳምንት ወሬ አይበቃም። መረጃው ያላቸው የመናኸሪያ ሹፌሮችና አስተናጋጆቻችሁ ናቸው። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ።

3. መኪናው

ከፍታ ያለው መኪና ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ እስከ ደሴ በራሳችሁ ሄዳችሁ ከዚያ ወዲያ ባለው ቅጥቅጥ ወይም ሚኒባስ መሄድ ምንም ነውር የለውም። መንገዱን በየቀኑ የሚመላለስበት ሹፌር ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል።

በራሳችሁ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውን አሳዩ። የዚህ መንገድ ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። የራዲያተሩን ውሃ፣ የመለዋወጫ ጎማውን ንፋስና ክሪኩን ተመልከቱ። ክሪኩ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ሥሩ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ እንጨት ያዙ። ነዳጅ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ሙሉ። ማደያው ሰልፍ ካለው ተሰለፉ። «ወደፊት ይገኛል» ብላችሁ አትለፉ። ጎማም ካስቸገራችሁ ጎሚስታ ጋ የምትቆሙት ደሴ ላይ ነው።

4. ምን ይዞ መሄድ

ቡና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና። ይህ መቼም አይሳሳትም። ጥሬ ቡናውን ደሴ ላይ ግዙ። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ከረሜላ ግን እየበተናችሁ አትሂዱ፤ ልጆችን መኪና ማሳደድ ያስለምዳቸዋል። በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ መብራት ትልቅ ስጦታ ናት። የጓደኛዬ እናት አሁን ሌሊት በጎች ሲወልዱ የሚያዩት በእሷ ነው።

ሥጋ ይዛችሁ አትሂዱ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ የሌላውን እርድ ግን አይበላም። የታረደ ይዞ መሄድ ሰው ያስጨንቃል። መጠጥም እንዲሁ። ቤቱን ካላወቃችሁት ቢራ ይዛችሁ አትግቡ።

ለራሳችሁ አጎበር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጋቢ፣ የፀሐይ ኮፍያና ደህና ጫማ ያዙ። ጋቢው አፋፉ ላይ ያስፈልጋል፣ ኮፍያው ታች። ሺህ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በአንድ ጠዋት ሁለት አየር ትለብሳላችሁ።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ደሴ እደሩ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ደብረ ብርሃን ቁርስ ብሉ። ጣርማ በር ላይ ጉም ይጠብቃችኋል። መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ዋሻው ውስጥ አትቅደሙ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነው። ይህን ቁልቁለት እንደ ልምምድ ቁጠሩት። መኪናችሁ እዚህ ፍሬን ፍሬን ከሸተተ በሽሎ አይወርድም ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አሳዩት።

እሁድ ከሆነ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። ግመሉም፣ ከብቱም፣ ሰዉም አስፋልቱ ላይ ነው። ክላክስ አታብዙ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ከከሚሴ በኋላ በቦርከና ወንዝ ዳር ትነዳላችሁ። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ትወጣላችሁ።

ደሴ 9 ሰዓት ብትደርሱም እዚያው እደሩ። «ገና ቀን ነው፣ እንቀጥል» የሚል ሰው መኪናው ውስጥ አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። የኩራዟ ሌሊት የመጣችው ከዚህች ቃል ነው።

ስለ ደሴ አንድ የምወደው ነገር ልንገራችሁ። ከተማዋ የውሃ መለያ ላይ ተቀምጣለች። በምሥራቋ ያለው ውሃ በቦርከና አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ኩታበር አካባቢ የሚነሳው በሽሎ ደግሞ ከአባይ ጋር ሆኖ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት የምትሻገሩት ይህን መስመር ነው።

6. ቁልቁለቱ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ስልክ ደውሉ፤ የመጨረሻው ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ፍሬኑን ሞክሩ። የታሰረ ዕቃ ካለ አጥብቁት።

የድሮ ሹፌሮች ደንብ አላቸው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጡት ከሆነ በሁለተኛ ውረዱ። ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፣ ከዚያም ፍሬኑ እምቢ ይላል። አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ምረጡ። ማርሽ አውጥታችሁ፣ ማለትም ፍሪ አድርጋችሁ፣ በፍጹም አትውረዱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ግማሽ ሰዓት አብርዱ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍስሱ።

ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ ስጡ። የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ከቆመ መልሶ መነሳት ይከብደዋል። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ። አቧራው ከፊት ያለውን ካልገለጠላችሁ እስኪገለጥ ጠብቁ። ፎቶ የሚነሳው ቆሞ ነው፤ ሹፌሩ እየነዳ ገደል አይመልከት።

7. ወንዙ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይላሉ አገሬው። በቀልድ አይደለም የሚሉት።

ዋናው መንገድ ድልድይ አለው። ከዋናው ስትወጡ ግን ድልድይ የሌላቸው ጅረቶች ብዙ ናቸው። የሸለቆ ጅረት አደጋው እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ መምጣቱ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ደጋው ነው። ውሃው ሰዓት ቆይቶ ታች ይደርሳል። ደራሽ ውሃ የሚሉት ይህን ነው።

ምልክቶቹን እወቁ። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል። ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ይጀምራል። ከላይ እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ዕቃ ለማንሳት እንኳ ሳትቆዩ ወደ ከፍታ ውጡ። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ መኪና አታቁሙ፣ ምሳም አትብሉ። ጥላው ያባብላል፤ አውቃለሁ። ግን አትቀመጡ።

በመኪና ከመግባታችሁ በፊት የአገሩን ሰው ጠይቁ። ሰው ከሌለ ሌላ መኪና ሲሻገር እስክታዩ ጠብቁ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ጥልቀቱን አይናገርም። ከሞላ ጠብቁ። ደራሽ እንደመጣው ሁሉ ይሄዳል። እኛ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቀናል። አብረውን የቆሙ እረኞች በቆሏቸው ጋበዙን። ከዚያ ጉዞ ከማስታውሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

8. በእግር የሚቀረው

ብዙ ቤቶች መኪና አይደርስባቸውም። መኪናውን መንገድ ዳር ካለ ቤት ፊት አቁሙ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ስትመለሱ የጥበቃ ስጡ።

እኔ የምወርድበትን ሰዓት እጥፍ አድርጌ ለመውጫ እይዛለሁ። በሁለት ሰዓት ከወረድኩ መውጫዬ አራት ሰዓት ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ዳገት አትጀምሩ። አቋራጭ መንገድ ለአገሬው ነው። ልጆቹ እንደ ፍየል ሲወርዱበት አይታችሁ አትከተሉ። ዕቃ ከበዛ አህያ ወይም በቅሎ በኪራይ ይገኛል። ዱላ ያዙ፤ ለጉልበት ያግዛል፣ ለውሻም ያስፈልጋል።

9. ቤቱ ስትደርሱ

ከሩቅ ተጣሩ። «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» በሉ። ውሻው እስኪያዝ ከአጥሩ አትለፉ። «ቤት ለእንግዳ» ሲሏችሁ ግቡ። ለሙስሊም ቤት «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለክርስቲያን ቤት «ጤና ይስጥልኝ»፤ ቢያምታታችሁም «እንደምን ሰነበታችሁ» ሁሉንም ያስደስታል። ሰላምታውን አታሳጥሩት። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። ስልካችሁን ያን ጊዜ ኪስ ክተቱት።

እግራችሁን ሊያጥቧችሁ ይችላሉ። አትከልክሉ። እኔ መጀመሪያ አፍሬ እግሬን ሰበሰብኩ። የቤቱ አባት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ለመንገደኛ የሚደረግ ክብር ነው። ተቀበሉ፣ አመስግኑ።

ምግቡ የማሽላ ወይም የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ እርጎ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም ቤት ከገብስ የሚሠራ ቀሪቦ ይቀርባል። አያሰክርም፣ ለሙቀቱም መድኃኒት ነው። ቡናው በጨው ከመጣ አትደንግጡ። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በሉ። ቶና ላይ ተነስቶ መሄድ አያምርም። ቡናው ላይ ዱአ ከተደረገ እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። የእናንተ ሃይማኖት ሌላ ቢሆንም ምርቃት ነው የሚሰጣችሁ።

ስለ እርድ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ሙስሊም ናቸው። በሁለተኛው ጉዞዬ በግ ሊያርዱልኝ ፈለጉ። ከማዶ ያሉትን ክርስቲያን ጎረቤት አስጠሩና እሳቸው ባረኩት። ለእኔ ተብሎ ለብቻው ድስት ተጣደ። የቤቱ ሰዎች ከዚያ አልበሉም፤ አጠገቤ ተቀምጠው ሽሯቸውን እየበሉ «ብላ፣ ብላ» ይሉኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ወጪና ድካም ማስቀረት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ «ሥጋ አትድከሙ» ብላችሁ ላኩ። ወይም ረቡዕ ወይም ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ በዚያ ቀን ድረሱ። በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ላይ ፊታቸው አትብሉ። ለአፍጥር ድረሱና አብራችሁ አፍጥሩ።

ማታ አጎበራችሁን ዘርጉ። የቤቱ ሰው መደቡን ለቆላችሁ መሬት ሊተኛ ይችላል። ተከራከሩ፤ ታሸንፋላችሁ ብዬ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም።

ሁለት ሌሊት እደሩ። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ናችሁ፤ ሁሉም ሰው ይነሳላችኋል፣ ሥራ ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከልጆቹ ጋር ውሃ ትወርዳላችሁ፣ ማሳውን ታያላችሁ፣ እናትየው እንጀራ እየጋገሩ እውነተኛውን ወሬ ያወሩላችኋል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ ዘንድሮ እህሉ ስንት እንዳስገባ። ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መልስ የተነዳው ለዚያ ጠዋት ነው።

10. ስትመለሱ

መሄጃችሁን በዋዜማው ንገሩ። ስንቅ ያዘጋጃሉና ጊዜ ይፈልጋሉ። ዳቦ ቆሎ ወይም ቂጣ ሲሰጧችሁ ተቀበሉ። ገንዘብ መስጠት ከፈለጋችሁ ሰው ፊት አታውጡ። ለእናትየው «ለቡና» ብላችሁ በእጃቸው አስጨብጡ።

12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር ዳገቱን ጀምሩ። ይሸኟችኋል። «ይብቃችሁ፣ ተመለሱ» ብትሉም እስከ ወንዙ ይመጣሉ። መኪናው ጋ ስትደርሱ ራዲያተሩን ተመልከቱ፤ በመውጣት ላይ ከጋለ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፉ፣ ቆማችሁ አብርዱ፣ ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ።

አፋፉ ላይ ስትወጡ ደግሞ አንዴ ቁሙ። ማዶውን ፈልጉና ጋቢያችሁን ከፍ አድርጋችሁ አውለብልቡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩዋችኋል። ከዚያ አዲስ አበባ እንደገባችሁ አፋፉ ላይ ሱቅ ላለው ሰው ደውሉና «በሰላም ገብተዋል» ብሎ እንዲልክላቸው ንገሩት። በማግስቱ ገበያ ባይሆንም አንድ ልጅ ይህን ወሬ ሊሰማ ዳገቱን ይወጣል።